ፓንክኸርስት (የቤተሰብ ስም)

ፓንክኸርስት ከእንግሊዝ አገር ደቡብ ምሥራቅ የመጣ፣ በብሪታንያም ቢሆን ብዙ ሰው የማይጠራበት የቤተሰብ ስም ነው። ስሙን በዓለም ያስታወቀው አንድ የማንችስተር ቤተሰብ ሲሆን፣ ይህ ቤተሰብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለሴቶች የመምረጥ መብት ባደረገው ትግል ይታወሳል። በኢትዮጵያ ግን ስሙ ሲነሣ ቀድመው የሚታወሱት በፋሺስት ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ የተሟገቱት ሲልቪያ ፓንክኸርስት እና ልጃቸው፣ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ናቸው። እናትና ልጅ ሁለቱም የተቀበሩት አዲስ አበባ በሚገኘው የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ተጽፈዋል፤ «ዓ.ም.» የተባሉት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የቤተሰብ ስም እና የአባት ስም

የዚህን ስም ታሪክ ለመረዳት በቤተሰብ ስምና በአባት ስም መካከል ያለውን ልዩነት ማስታወስ ያስፈልጋል። በመርካቶ ሸማ ተራ አንድ የነጠላና የጋቢ ሱቅ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ቢተላለፍ፣ በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ሁለተኛ ስም በየትውልዱ ይለወጣል። የመጀመሪያው ባለሱቅ ስም በልጁ ጊዜ ሁለተኛ፣ በልጅ ልጁ ጊዜ ሦስተኛ ይሆንና ከዚያ በኋላ ከወረቀቱ ላይ ይወርዳል። ሱቁ የአንድ ዘር ንብረት ሆኖ ቢቆይም ዘሩን በሙሉ የሚያስተሳስር አንድ ስም የለም። ሚስትም ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትቀራለች።

በእንግሊዝ ልማድ ግን የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጆች ይወርዳል፤ ሴት ልጅ ስታገባ የባሏን ስም ትወስዳለች፤ ወንድ ልጅ ያልተረፈለት ቤት ስሙ ይቆማል። የማንችስተሩ ፓንክኸርስት ቤት በዚህ ልማድ ቢመዘን ኖሮ ስሙ በሁለተኛው ትውልድ ማብቃት ነበረበት። ያላበቃበት ምክንያት ከታች ተገልጿል።

የስሙ አመጣጥ

«ኸርስት» በጥንቱ እንግሊዝኛ በዛፍ የተሸፈነ ኮረብታ ማለት ሲሆን፣ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የብዙ መንደሮች ስም መጨረሻ ነው። በዚህ ምክንያት ፓንክኸርስት መጀመሪያ የቦታ ስም እንደነበረና ከዚያ ለመጡ ሰዎች መጠሪያ እንደሆነ ይነገራል። ሌሎች የስም አጥኚዎች ደግሞ ከጰንጠቆስጤ በዓል ስም ጋር ያያይዙታል። በመካከለኛው ዘመን በዚያ በዓል ለተወለደ ልጅ የበዓሉን ስም ማውጣት የተለመደ ነበር፤ ስሙ በሰው አፍ እየተለወጠ ሲሄድ ቀድሞ ከሚታወቁት የቦታ ስሞች ጋር ሊመሳሰል ችሏል። ፋሲካ፣ ትንሣኤ፣ ልደቱ እያለ ለልጆቹ ስም የሚያወጣ አገር ሰው ለዚህ ሁለተኛ ማብራሪያ እንግዳ አይሆንም።

የማንችስተሩ ቤተሰብ

ሪቻርድ ማርስደን ፓንክኸርስት (በ1898 የሞቱ) የማንችስተር ጠበቃ ነበሩ። በ1870 ለፓርላማ የቀረበውን የመጀመሪያውን የሴቶች የመምረጥ መብት ረቂቅ ሕግ ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ያገቡ ሴቶች በስማቸው ንብረት እንዲይዙ ለፈቀደው የ1882 ሕግ መውጣትም ብዙ ደክመዋል። በፖለቲካ አቋማቸው ምክንያት «ቀዩ ዶክተር» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ልጆቻቸውን ኮትኩተው ያሳደጉት በዚሁ መንፈስ ስለነበር፣ ከቤተሰቡ ታሪክ በብዛት የሚዘለሉት እሳቸው መሆናቸው ተገቢ አይደለም።

ኤመሊን ፓንክኸርስት (1858–1928) ከጎልደን ቤተሰብ ተወልደው በ1879 ሪቻርድ ማርስደንን በማግባታቸው ስሙን ወሰዱ። ባላቸው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1903 በማንችስተር ኔልሰን መንገድ በሚገኘው ቤታቸው የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረትን መሠረቱ። መፈክራቸው ተግባር እንጂ ቃል አይበቃም የሚል ነበር። ኅብረቱ ሰላማዊ ሰልፍ አደረገ፣ የመስኮት መስታወት ሰበረ፣ በኋላም ሕንፃ እስከማቃጠል ደረሰ። የታሰሩት ሴቶች የረሃብ አድማ ሲያደርጉ መንግሥት በግድ ያበላቸው ጀመር። በ1913 ደግሞ በረሃብ የተዳከመችውን እስረኛ ለቅቆ ስታገግም መልሶ የሚያስር ሕግ አወጣ፤ ሕዝቡ ይህን ሕግ «የድመትና የአይጥ ሕግ» ብሎ ጠራው። በ1918 ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ ለሆነና የንብረት መስፈርት ለሚያሟሉ ሴቶች የመምረጥ መብት ተሰጠ። ከወንዶች ጋር እኩል መብት የተገኘው በሐምሌ 1928 ሲሆን፣ ኤመሊን ከዚያ በፊት በሰኔ ወር ሳያዩት ሞቱ።

ኤመሊንና ሪቻርድ ማርስደን አምስት ልጆች ወልደዋል። ከሁለቱ ወንዶች አንደኛው በ1888 በሕፃንነቱ፣ ሁለተኛው በ1910 በወጣትነቱ ሞቱ። ሦስቱ ሴቶች ልጆች ግን ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ታሪክ ውስጥ ገብተዋል።

ክሪስታቤል ፓንክኸርስት (1880–1958) በሕግ ተመርቀው ሴት በመሆናቸው ብቻ በጠበቃነት እንዳይሠሩ የተከለከሉ ነበሩ። በ1905 በማንችስተር በአንድ የፖለቲካ ስብሰባ ላይ ስለ ሴቶች ድምፅ ጠይቀው በመታሰራቸው ትግሉ አዲስ ምዕራፍ ያዘ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሃይማኖት ስብከት አዘንብለው ኑሮአቸውን በአሜሪካ አደረጉ፤ የሞቱትም በካሊፎርኒያ ነው። አላገቡም።

አዴላ ፓንክኸርስት (1885–1961) ከእናታቸውና ከታላቅ እህታቸው ጋር ባለመስማማታቸው በ1914 ወደ አውስትራሊያ ተላኩ። እዚያም በ1920 የአውስትራሊያ ኮሙኒስት ፓርቲን ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ወደ ተቃራኒው ጫፍ ሄደው በ1942 ከቀኝ አክራሪ ቡድን ጋር በነበራቸው ግንኙነት ታሰሩ። ቶም ዋልሽ የተባለ የሠራተኛ ማኅበር መሪ አግብተው ስለነበር ልጆቻቸው የአባታቸውን ስም ይዘዋል።

መካከለኛዋ ልጅ ሲልቪያ ነበሩ።

ሲልቪያ ፓንክኸርስት

ሲልቪያ ፓንክኸርስት ግንቦት 5 ቀን 1882 በማንችስተር ተወለዱ። በማንችስተርና በለንደን ሥዕል የተማሩ ሲሆን፣ የኅብረቱን ባንዲራዎችና የእስረኞችን ሜዳልያ የነደፉት እሳቸው ናቸው። ከእናታቸውና ከክሪስታቤል የሚለዩት በአንድ ነገር ነበር፦ ትግሉ የባለጸጋ ሴቶች ብቻ መሆን የለበትም ብለው ያምኑ ነበር። በምሥራቅ ለንደን የድሆች ሰፈር ሠራተኛ ሴቶችን አደራጁ፤ በዚህም ምክንያት በጥር 1914 ከኅብረቱ ተባረሩ። እናታቸው አንደኛውን የዓለም ጦርነት ሲደግፉ እሳቸው ተቃወሙ። ከ1914 እስከ 1924 አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጁ፤ በ1920 ወደ ሞስኮ ሄደው ከሌኒን ጋር ተከራከሩ፤ በማግስቱ ዓመት ከብሪታንያ ኮሙኒስት ፓርቲም ተባረሩ። በሕይወታቸው ስንት ጊዜ ከስንት ማኅበር እንደተባረሩ ለሚቆጥር ሰው፣ ለኢትዮጵያ ጉዳይ ከ20 ዓመት በላይ ሳያቋርጡ መቆማቸው ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ሙሶሊኒን መቃወም የጀመሩት ገና ኢትዮጵያ ሳትወረር ነበር። የኑሮ ጓደኛቸው ሲልቪዮ ኮሪዮ ከአገሩ የተሰደደ ኢጣልያዊ ሲሆን፣ ስለ ፋሺዝም የነበራቸው ዕውቀት ከሱና ከጓደኞቹ የተገኘ ነው። ወረራው ጥቅምት 1935 ሲጀመር በየጋዜጣው ደብዳቤ ያዘንቡ ነበር። በዚያው ዓመት በሚኖሩበት በዉድፎርድ በድንጋይ የተቀረጸ የቦምብ ሐውልት አቆሙ፤ ሐውልቱ ከአውሮፕላን ቦምብ መጣልን የሚቃወም ሲሆን ዛሬም ቆሞ ይታያል።

በግንቦት 1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ግንቦት 5፣ የሲልቪያ 54ኛ የልደት ቀን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡትም ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ቀን ነው። ጋዜጣው የመርዝ ጋዙን፣ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋንና የአርበኞችን ውጊያ ዘገበ። የብሪታንያ መንግሥት ከሙሶሊኒ ጋር ለመስማማት በሚጥርበት ሰዓት እንዲህ ያለ ወሬ ማውጣት ለማንም የሚመች አልነበረም። በአፍሪካና በካሪቢያን አገሮች ያሉ አንባቢዎችም ጋዜጣውን ይከታተሉት ነበር።

በዚያን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። እሳቸው በልጅነታቸው በ1868 ከመቅደላ በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው ቻርልስ ማርቲን የሚል ስም የተሰጣቸው ናቸው። በዚህም በአንድ ጉዳይ ላይ እንግሊዛዊ ስም የተሸከመ ኢትዮጵያዊና ቆይቶ የኢትዮጵያ ስም የሚሰጣት እንግሊዛዊት ተገናኝተው ነበር።

ሲልቪያ በአቋማቸው የንጉሥ አገዛዝ ተቃዋሚ ነበሩ። ይህንንም ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አልደበቁም፤ የሚደግፏቸው ንጉሥ በመሆናቸው ሳይሆን ጉዳያቸው ትክክል በመሆኑ እንደሆነ ነግረዋቸዋል። ሆኖም በኋለኞቹ ዓመታት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ ያልተቹ በመሆናቸው ተወቅሰዋል፤ የሥራቸውን ዝርዝር ያየ ሰው ወቀሳው መሠረት የለውም ለማለት ይቸገራል። በኤርትራ ጉዳይ ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድን የደገፉ ስለነበር በዚያ በኩል የሚሰጣቸው ፍርድም የተለያየ ነው። የእንግሊዝ ጦር አስተዳደር በኤርትራ ወደቦች የነበሩትን ሕንፃዎችና መሣሪያዎች እያፈረሰ መውሰዱን በ1952 ባሳተሙት ጽሑፍ አጋልጠዋል።

ከነፃነት በኋላ ትልቁ ሥራቸው ሆስፒታል ማሠራት ነበር። በእንግሊዝ አገር ነርስነት የተማሩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1942 በነቀምቴ በድንገት ሲያርፉ፣ ሲልቪያ በስማቸው ዘመናዊ ሆስፒታል እንዲቆም በእንግሊዝ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው።

ሲልቪዮ ኮሪዮ በ1954 ከሞተ በኋላ፣ ሲልቪያ በ1956 በ74 ዓመታቸው ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ወዲያው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን ወርሃዊ መጽሔት አቋቋሙ። ያረፉት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የቀብር ሥነ ሥርዓት ወለተ ክርስቶስ ተብለው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ አርበኞች ባረፉበት ቦታ ተቀበሩ።

ስሙ የተረፈበት መንገድ

ሲልቪያ በታኅሣሥ 1927 በ45 ዓመታቸው ወንድ ልጅ ወለዱ። ከሲልቪዮ ኮሪዮ ጋር በጋብቻ አልተሳሰሩም፤ ሊተሳሰሩም አልፈለጉም። ልጁም የአባቱን ሳይሆን የእናቱን የቤተሰብ ስም ያዘ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ይህ ከባድ ነውር ነበር። ኤመሊን ልጃቸውን ሳያናግሩ፣ የልጅ ልጃቸውንም ሳያዩ በዓመቱ ሞቱ። እናትና ልጅን ያለያየው ስለ ሴቶች መብት የነበራቸው አለመግባባት እንኳ እንዲህ የከፋ አልነበረም።

ልጁ ሪቻርድ ኪር ፔቲክ ፓንክኸርስት ተባለ። ሪቻርድ የአያቱ የሪቻርድ ማርስደን ስም ነው። ኪር የሲልቪያ የቅርብ ወዳጅና የሠራተኛው ፓርቲ መሥራች ከነበሩት ከኪር ሃርዲ የተወሰደ ነው። ፔቲክ ደግሞ በ1912 በኤመሊንና በክሪስታቤል ከኅብረቱ የተባረሩትን ባልና ሚስት፣ የፔቲክ-ሎረንስን ቤተሰብ ያስታውሳል፤ እነዚያ ሁለት ሰዎች ሲጋቡ የሁለቱንም ቤተሰብ ስም አጣምረው የያዙ ናቸው። ሲልቪያ ስሙን ሲያወጡ ማንን እንዳሰቡና ማንን እንደተዉ ያስተዋለ፣ የቤተሰቡን ጠብ በአንድ መስመር ያነባል።

በኢትዮጵያ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ልጁ ሪቻርድ ሲልቪዮ ይባል ነበር። በእንግሊዝ ልማድም ወላጆቹ ተጋብተው ቢሆን ኖሮ ኮሪዮ ይባል ነበር። ወንዶቹ ወንድማማቾች በሕፃንነትና በወጣትነት ስለሞቱና ሌላዋ እህት የባሏን ስም ስለያዘች፣ ከኤመሊን በሥጋ የሚወርድ ፓንክኸርስት ዛሬ ሊኖር የቻለው በዚህ የእናት ውሳኔ ብቻ ነው።

ሪቻርድ እና ሪታ ፓንክኸርስት

ሪቻርድ ፓንክኸርስት (1927–2017) በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የኢኮኖሚ ታሪክ ተምረው ዶክትሬታቸውን አገኙ። በ1956 አዲስ አበባ እንደመጡ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ማስተማር ጀመሩ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ተቋሙ ስድስት ኪሎ በሚገኘው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ሙዚየም ይዞ እስከ ዛሬ አለ።

ተማሪዎችና የሥራ ባልደረቦች «ፕሮፌሰር ሪቻርድ» ይሏቸው ነበር። አገሩ ሰውን በራሱ ስም እንጂ በቤተሰብ ስም ስለማይጠራ፣ በዓለም የታወቀው ፓንክኸርስት የሚለው ስም በአዲስ አበባ ሁለተኛ ቦታ ላይ ቀረ።

የጻፏቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰው በ1968 የወጣው ከ1800 እስከ 1935 ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ ነው። መጽሐፉ ከነገሥታት ይልቅ በአሞሌ ጨው፣ በማርያ ትሬዛ ብር፣ በሲራራ ነጋዴ፣ በቀረጥና በእጅ ሥራ ላይ ያተኩራል። ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ በሁለት ቅጽ፣ ስለ አዲስ አበባ አመሠራረትም ለብቻው ጽፈዋል።

ለመርካቶ አንባቢ የሚቀርበው የሥራቸው ክፍል ይህ ነው። በምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ በዚያም ሸቀጡ ሁሉ እንደየዓይነቱ በየተራው ይቀመጥ ነበር። ኢጣልያኖች ከተማዋን በዘር ለመለያየት ባወጡት ዕቅድ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውረው የአገሬው ተወላጅ ገበያ አሉት፤ መርካቶ የሚለው ስም ከኢጣልያንኛው የገበያ ቃል የቀረ ነው። ሲልቪያ በለንደን ጋዜጣቸውን የሚያሳትሙበት ዘመንና መርካቶ የተቋቋመበት ዘመን አንድ ናቸው። ሸማ ተራን ጨምሮ የመርካቶ ተራዎች የአራዳውን ልማድ ይዘው ቀጠሉ። ሪቻርድ ከተጓዦች ማስታወሻና ከንግድ መዛግብት የሰበሰቡት መረጃ ከውጭ የሚመጣው አቡጀዲ ከአገሬው ሸማ ጋር እንዴት ይሻማ እንደነበር ያሳያል። ሸማኔው ግን አልጠፋም።

ሪታ ፓንክኸርስት (1927–2019) በሩማንያ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ የተሰደዱ ናቸው። የቀድሞ ስማቸው ሪታ ኤልደን ሲሆን፣ ሪቻርድን በ1957 አዲስ አበባ ውስጥ አገቡ። በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ቀጥሎም በዩኒቨርሲቲው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ስላከማቹት የብራና መጻሕፍት ስብስብ ያደረጉት ጥናት ዛሬም ይጠቀሳል። ሲልቪያ ካረፉ በኋላ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር»ን ባልና ሚስቱ አብረው አዘጋጅተዋል። በ1976 በደርግ ዘመን ወደ እንግሊዝ ሄደው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ተመለሱ።

ሪቻርድ የተዘረፉ ቅርሶች እንዲመለሱ ለዓመታት ተሟግተዋል። 24 ሜትር የሚረዝመውና ወደ 160 ቶን የሚመዝነው የአክሱም ሐውልት በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ ነበር፤ በ1947ቱ የሰላም ውል ኢጣልያ በ18 ወር ውስጥ የዘረፈችውን እንድትመልስ ብትገደድም፣ ሐውልቱ የተመለሰው በ2005 ነው፤ በ2008 በቦታው ቆመ። የመቅደላን ቅርሶች ለማስመለስ የተቋቋመውን ማኅበር ከመሠረቱትም አንዱ ናቸው። የእሳቸው መንገድ ቀላል ነበር፦ ሰነዱን አውጥቶ ማሳየትና ደጋግሞ መጻፍ። የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በ89 ዓመታቸው አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ቀጣዩ ትውልድ

አሉላ ፓንክኸርስት የሪቻርድና የሪታ ልጅ፣ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ናቸው። የመጠሪያ ስማቸው የዶጋሊው ድል አድራጊ የራስ አሉላ ስም ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደ ወለጋ የሰፈሩ ገበሬዎችን ኑሮ የሚያጠና መጽሐፍ በ1992 አሳትመዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አስተምረዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ ስላሉ ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ቀጥቃጮች መገለል የሚያትት ጥናት ከዲና ፍሪማን ጋር አዘጋጅተዋል። በአዲስ አበባ ከሚሠራው ሸማ ብዙው የጋሞ ሸማኔዎች ሥራ ስለሆነ፣ ጥናቱ በሸማ ተራ የተሰቀለው ልብስ ከየት እንደሚመጣና የሚሠራው ሰው በትውልድ አካባቢው እንዴት ይታይ እንደነበር ለማወቅ ይጠቅማል።

ሄለን ፓንክኸርስት በ1964 አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። በመንዝ ገጠር ኖረው ስለ ሴቶች ሕይወት ያጠኑት ጥናት በ1992 በመጽሐፍ ወጥቷል። በብሪታንያ የሴቶች መብት ተሟጋች ሆነው የሚሠሩ ሲሆን፣ በ2018 የመምረጥ መብት የተገኘበት መቶኛ ዓመት ሲከበር የቅድመ አያታቸውን የኤመሊንን መፈክር ርዕስ ያደረገ መጽሐፍ አሳትመዋል። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ የመብት ታጋዮቹን ልብስ ለብሰው ከልጃቸው ጋር ታይተዋል።

ሌሎች ባለስሞች እና መታሰቢያዎች

የእንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ የሪቻርድ ጆን ፓንክኸርስት ስም ከታሪክ ተመራማሪው ስም ጋር ይመሳሰላል። እኚህኛው ዕፅዋትን በኮምፒዩተር በመለየት ሥራ የሚታወቁ ናቸው፤ በመጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው።

ኅብረቱ የተመሠረተበት የማንችስተሩ ቤት የፓንክኸርስት ማዕከል ተብሎ ሙዚየም ሆኗል። የኤመሊን ሐውልት በለንደን ከፓርላማው አጠገብ በ1930፣ በማንችስተር ደግሞ በታኅሣሥ 2018 ቆሟል።

ስሙ በአማርኛ ፓንክኸርስት፣ ፓንክረስት ወይም ፓንክኸረስት እየተባለ ይጻፋል፤ ቀደም ባሉ ጋዜጦችና መጻሕፍት የሚፈልግ ሰው ሁሉንም አጻጻፎች መሞከር አለበት።